አድራሻ አዳዩን መምረጥ፦ ራውተር፣ ዲኤንኤስማስክ፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ወይስ ኪያ?

የኔትወርክ ዕቃ የሚገዛ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነት ነው። ለመሣሪያዎች አይፒ አድራሻ (በኔትወርክ ላይ የሚለዩበትን ቁጥር) ስለሚያድለው ዲኤችሲፒ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ክፍል ሲቆም መስመሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ አዲስ የገባ ኮምፒውተር በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ሰጥቶ ያለ ኢንተርኔት ይቀራል።

ምርጫውን መወሰን ያለበት የመሥሪያ ቤቱ ትልቅነት ሳይሆን የመሣሪያዎቹ ጠባይ ነው። ፕሪንተርና የጥበቃ ካሜራ ሁልጊዜ በአንድ አድራሻ መገኘት ስላለባቸው በማክ አድራሻቸው፣ ማለትም ከፋብሪካ ይዘውት በሚወጡት መለያ ቁጥር፣ ተለይተው ቋሚ ቦታ ይያዝላቸዋል። አይፒ ስልክ ከአድራሻው በተጨማሪ ቅንብሩን የሚያወርድበትን ሰርቨር ማወቅ አለበት፤ ይህን የሚነግረው ኦፕሽን 66 (ኦፕሽን ከአድራሻው ጋር የሚላክ ተጨማሪ መረጃ ነው)፣ ለሲስኮ ስልኮች ደግሞ 150። የሞባይል ስልክ ነገር ለየት ይላል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች እውነተኛውን ማክ አድራሻ ደብቀው ለየዋይፋዩ የፈጠሩትን ያሳያሉ። በካርቶኑ ላይ የታተመውን ቁጥር አይቶ ቋሚ አድራሻ የሚይዝ ሰው ድካሙ ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ማየት ያለባችሁ የሊዝ ጊዜን፣ ማለትም አንድ አድራሻ ለመሣሪያው የሚሰጥበትን የጊዜ ገደብ ነው። በቀን 100 አዳዲስ እንግዶች የሚገቡበት አዳራሽ 254 አድራሻ ብቻ አለው እንበል። ሊዙ 8 ቀን ከሆነ በሦስተኛው ቀን አድራሻ ያልቃል፤ የመጀመሪያው ቀን እንግዶች ቢሄዱም አድራሻቸው ገና በስማቸው ተይዟል። ለእንግዳ ዋይፋይ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይበቃል። ለሠራተኞች ኮምፒውተር ግን ነገሩ ይገለበጣል። መሣሪያ ሊዙን ማደስ የሚጀምረው ጊዜው ሲጋመስ ስለሆነ፣ በ8 ቀን ሊዝ ሰርቨሩ ድንገት ቢቆም በሥራ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ቢያንስ አራት ቀን ያህል ይቀራቸዋል። ሊዙ አንድ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ለጥገና የሚተርፋችሁ ግማሽ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ይኸው ነው፦ ለእያንዳንዱ የኔትወርክ ክፍል የተለያየ የሊዝ ጊዜ መስጠት ይችላል?

ርካሽ የቤት ራውተር ብዙውን ጊዜ አይችልም። አንድ የአድራሻ ክልልና አንድ የሊዝ ጊዜ ለሁሉም ይሰጣል፤ ኦፕሽን መጻፊያ ቦታም አይኖረውም። ለቤትና ለጥቂት ኮምፒውተሮች ከበቂ በላይ ነው። የማይክሮቲክ ራውተርን ከዚህ ጋር አንድ ላይ መመደብ ግን ግፍ ነው፤ ብዙ ክልሎችን፣ ኦፕሽኖችንና የተለያየ ሊዝን በአንድ ሣጥን ያስተናግዳል።

ዲኤንኤስማስክ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለው ነጻ ሥርዓት በተጫነባቸው ራውተሮች ውስጥም ተካትቶ ይመጣል። አድራሻ ማደልንና ስም መፍታትን (የመሣሪያን ስም ወደ አድራሻው መመለስን) አንድ ላይ ስለሚሠራ፣ አድራሻ የወሰደ ፕሪንተር ወዲያው በስሙ ሊጠራ ይችላል። መሣሪያዎችን በዓይነታቸው መድቦ ለየምድቡ የተለየ መመሪያ ለመስጠትም ጥቂት መስመሮች ይበቁታል። ለአነስተኛ መሥሪያ ቤት እኔ የማስቀድመው እሱን ነው። ድክመቱ ብቻውን መቆሙ ነው፤ ሌላ ሰርቨር የሊዝ መዝገቡን ተጋርቶ እንዲተካው አልተሠራም።

ዊንዶውስ ሰርቨር አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚዎችንና የኮምፒውተሮችን መዝገብ የሚያስተዳድረው የማይክሮሶፍት ሥርዓት) ላለው ድርጅት ምቹ ነው። ሁሉም ነገር በመስኮት ይታያል፤ ከ2012 እትም ጀምሮም ሁለት ሰርቨሮች የአይፒቪ4 ሊዞችን ተጋርተው መሥራት ይችላሉ። ሳይነካ የሚሰጠው ሊዝ ግን ያው 8 ቀን ስለሆነ፣ ለእንግዶች ካልተቀነሰ የአዳራሹ ችግር ይደርሳል። ከዚህ የባሰው ወጪው ነው፦ ከእሱ አድራሻ የሚወስድ መሣሪያ ወይም ተጠቃሚው የመዳረሻ ፈቃድ ሊገዛለት ይገባል። ብዙ ገዢዎች የሰርቨሩን ዋጋ ብቻ አስልተው ይህን ይዘነጉታል። የእንግዶችን ስልክ ከእሱ አርቁ፤ አድራሻቸውን ራውተሩ ይስጣቸው።

ኪያ ለብዙ ሺህ መሣሪያዎች የታሰበ የዲኤችሲፒ ፕሮግራም ነው። ሠሪው ድርጅት አይኤስሲ ለረጅም ዘመን ያገለገለውን የቀድሞ ፕሮግራሙን አይኤስሲ ዲኤችሲፒን መጠገን በ2022 አቁሞ ተጠቃሚዎችን ወደዚህ መርቷል። ቋሚ አድራሻዎችን በማይኤስኪውኤል ወይም በፖስትግሬኤስኪውኤል የመረጃ ቋት ማስቀመጥ፣ ሰርቨሩን ሳያቆሙ ቅንብር መቀየር፣ ሁለት ሰርቨሮችን ማጣመር ይቻላል። ፕሮግራሙ በነጻ ይገኛል፤ ሊኑክስን በደንብ የሚያውቅ ባለሙያ ግን ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት። ዛሬም በአሮጌው አይኤስሲ ዲኤችሲፒ የምትሠሩ ከሆነ ግን አትዘግዩ፤ የቀድሞውን ቅንብር ወደ ኪያ የሚለውጥ መሣሪያ አይኤስሲ አዘጋጅቷል፣ መለወጥ ያልቻላቸውን መስመሮች ደግሞ በእጅ ማስተካከል ይጠበቅባችኋል።