ቺካጎን ብቻውን ለሚጎበኝ ሰው፦ የ«ኤል» ባቡር አገልግሎት ሲገመገም

ቺካጎ ውስጥ ዘመድም ወዳጅም የሌለው መንገደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መኪና ከመከራየት ወይም አስጎብኚ ከመቅጠር ይልቅ በከተማዋ ባቡር ቢዘዋወር ይሻለዋል። ነዋሪው በአጭሩ «ኤል» የሚለው ይህ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1892 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በቀለም በሚጠሩ 8 መስመሮች ከተማዋንና አንዳንድ አጎራባች ከተሞችን ያገለግላል።

ከኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው ሰማያዊው መስመር ሌት ተቀን ስለሚሠራ፣ በረራው እኩለ ሌሊት የገባ ሰው እንኳ ታክሲ ፍለጋ መጨነቅ የለበትም፤ መሀል ከተማ ለመድረስ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሂሳብ የሚከፈለው ቬንትራ የተባለውን ካርድ ወይም ያለ ንክኪ የሚሠራ የባንክ ካርድ በመግቢያው ማንበቢያ ላይ በማስጠጋት ነው። ከኦሄር የሚሳፈር ሰው ከመደበኛው ከፍ ያለ ዋጋ ስለሚጠየቅ፣ ብዙ ለመዘዋወር ያሰበ እንግዳ የአንድ ወይም የሦስት ቀን ትኬት እዚያው ካለው ማሽን ቢገዛ ያዋጣዋል።

ከመስመሮቹ ሁሉ እኔ የማስቀድመው ቡናማውን ነው። በመሀል ከተማ ሀዲዱ በብረት ምሰሶዎች ላይ ከመንገድ በላይ የተዘረጋ በመሆኑ፣ ባቡሩ ከሕንፃዎቹ መስኮቶች አጠገብ እየታከከ ያልፋል፤ ቢሮው ውስጥ አቀርቅሮ የሚጽፈው ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ያኖረው ስኒ ሳይቀር ይታያል። ከዚያም በዌልስ ጎዳና ድልድይ ወንዙን ሲሻገር በግራና በቀኝ የተደረደሩት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች በአንድ ጊዜ ይገለጣሉ። (የጀልባ ጉብኝት ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ከባቡሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም።) ሌክና ዌልስ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ጥግ ባቡሩ ሲታጠፍ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚያሰማው ጩኸት ጆሮ ይበሳልና፣ ሆቴል የሚመርጥ ሰው ክፍሉ ከሀዲዱ ራቅ ያለ መሆኑን አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ትልቁ እፎይታ መንገድ የማይጠፋ መሆኑ ነው። የቺካጎ አድራሻ ስቴትና ማዲሰን ጎዳናዎች ከሚገናኙበት ቦታ ከዜሮ ተነስቶ ይቆጠራል፤ ወደ ሰሜን ሲሄዱ እያንዳንዱ 800 ቁጥር 1 ማይል ነው። ይኸው ቁጥር በጣቢያዎቹ የስም ሰሌዳዎች ላይም ስለሚጻፍ፣ በቀዩ መስመር ሎረንስ ጣቢያ ላይ 4800 ሰሜን የሚለውን ያየ ተሳፋሪ ከመሀል ከተማ 6 ማይል እንደራቀ ስልኩን ሳያወጣ ያውቃል። እንጀራ ያማረው መንገደኛም በዚሁ አካባቢ፣ አፕታውንና ኤጅዋተር በተባሉት ሰፈሮች በብሮድዌይ ጎዳና ላይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችን ያገኛል።

ሆኖም ጣቢያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በሚያቋርጧቸው ጎዳናዎች ስም መጠራታቸው እንግዳን የሚያደናግር ጉድለት ነው። ዌስተርን የሚባሉ 5 ጣቢያዎች አሉ፤ ከእነዚህም ሁለቱ በዚያው በሰማያዊው መስመር ላይ ናቸው። ስለዚህ ከሰው ጋር ሲቀጣጠሩ የጣቢያውን ስም ብቻ ሳይሆን የመስመሩን ቀለምና የመጨረሻ መድረሻውን አብሮ መናገር ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ጉድለት መስመሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ መሀል ከተማ ተስበው የተሠሩ መሆናቸው ነው። ከአንዱ ዳር ሰፈር ወደ ሌላው ለመሄድ መሀል ድረስ ገብቶ ባቡር መቀየር ግድ ይሆናል፤ አለዚያ አውቶቡስ ይሻላል፤ የአውቶቡሱም ሂሳብ በዚያው ካርድ ይከፈላል። በተጨማሪ ሁሉም ጣቢያዎች አሳንሰር የላቸውም። ከባድ ሻንጣ የያዘ ወይም ደረጃ መውጣት የሚቸግረው ሰው በካርታው ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለባቸውን ጣቢያዎች ለይቶ ማረፊያውን በእነሱ አቅራቢያ ቢይዝ ይመረጣል።