የድሮ የቀለም ብዕር ይዛችሁ አዲስ አበባ ለምትመጡ

ብዕራችሁን ለማስጠገን ከሆነ፣ ቀለም የሚይዘውን ላስቲክ ከውጭ ይዛችሁ ኑ፣ ብረቱን እዚህ አሠሩ። ዘንድሮ ከሜሪላንድ ስመጣ ኤስተርብሩክ ጄ እና ፓርከር 51 የሚባሉ ሁለት የድሮ ብዕሮች ይዤ ነበር። አጎቴ ደግሞ ከመሳቢያው ያወጣውን ሂሮ 616 የሚባል የቻይና ብዕር «አንተ ካልሠራኸው ማን ይሠራዋል» ብሎ ደረበልኝ።

መርካቶ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ብዙ አትጠብቁ። የብልቃጥ ቀለም አለ። መለዋወጫ ስትሏቸው ግን አዲስ እስክሪብቶ ነው የሚዘረጉላችሁ። አንዱ «ኦርጅናል ፓርከር ነው» ብሎ ያሳየኝ ብዕር የክዳኑ ፍላጻ ቅቡ ተልጦ ነበር፤ ዋጋው ግን ቅንጣት አልተላጠም።

ሰዓት ሠሪዎች ጋ ነው ነገሩ ያለው። ፒያሳ የማውቃቸው በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ተበታትነዋልና ከመውጣታችሁ በፊት በስልክ አጠያይቁ። እኔም ያገኘኋቸው አዛውንት በሰው በሰው ነው። የኤስተርብሩኩ ችግር ላስቲኩን የሚጫነው ቀጭን ብረት ዝጎ መበጠሱ ነበር። አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አዩትና «ልጄ፣ ይሄማ ሞላ ነው» አሉኝ። ከተጣለ የጠረጴዛ ሰዓት ሞላ ቆርጠው፣ ጠርዙን ሞርደው፣ ጫፉን እንደ መንጠቆ አጠፉልኝ። ልክክ አለ። የጠየቁኝ ሁለት መቶ ብር ብቻ ስለነበር ጨምሬ ሰጠኋቸው፤ እናንተም ጨምሩ።

ላስቲኩ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ለኤስተርብሩክ ጄ የሚሆነው ቀለም የሚይዝ ቁጥር 16 የላቴክስ ከረጢት ነው፤ አሜሪካ በጥቂት ዶላር ይገኛል፣ ከቦርሳም ቦታ አይወስድም። እዚህ አንድ ሌላ ባለሙያ የሕክምና ጎማ ቆርጦ ሊገጥምልኝ ሞከረ። ወፍራም ስለሆነ መቼም በደንብ አይጨመቅ፣ ቀለምም አይስብ። ይባስ ብሎ በሱፐር ግሉ ሊያጣብቀው ሲል እጁን ያዝኩት። ከረጢት የሚጣበቀው በጎማላካ (ሼላክ) ነው፤ ለብ ሲል ይለቃል፣ ነገ የሚጠግነውም ሰው ሳይሰብር ይከፍተዋል። ጎማላካ ከእንጨት ቀለም ሻጮች ጠይቁ፤ በአልኮል የሚሟሟውን ቅርፊቱን ምረጡ እንጂ በቆርቆሮ የተቀመመውን አትመኑ። ከረጢቱ ሲደርቅ ላዩን ታልክ ንስንስ አድርጉበት።

ስለ ፓርከሩ፦ «ላስቲኩ አልቋል» ለሚላችሁ ሁሉ አትክፈቱለት። ከ1948 (እንደ ፈረንጅ) ወዲህ የወጣው፣ በብረት ልባስ ውስጥ ተጨምቆ የሚሞላው 51፣ ከረጢቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዛሬም ደህና ነው። የእኔ የፈለገው ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነበር፤ ጥቁር ቀለም እስኪጠራ ሙሉ ምሽት አንጠባጠበ። ከኋላው ቁልፍ ተጭነው የሚሞሉት፣ በ1941 የወጣው የመጀመሪያው ዓይነት፣ ውስጡ የጎማ ስስ ሽፋን አለው። እሱን ለመፍታት የራሱ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ ለሰዓት ሠሪ አትስጡት።

ለአጎቴ ሂሮ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። መልኩ ከፓርከር 51 የተቀዳ ቢሆንም ዕቃው አይዋዋስም፤ የሂሮ ዕቃ ለሂሮ ነው። ከብረታ ብረት ክምር መሃል ሁለት የተሰበሩ ሂሮዎች አገኘሁ፤ ከአንዱ ክዳኑን፣ ከሌላው መጻፊያውን ወስጄ አንድ ሙሉ ብዕር ወጣው። ሻጩ ለሁለቱም የጠየቀኝ ከአንድ ማኪያቶ የማይበልጥ ነው። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛል።

ወርቅ ሠሪ ጋ የሄድኩት ለተሰነጠቀ የክዳን ቀለበት ነበር። ብየዳው የት እንዳለ አይታወቅም። የመጻፊያውን ጫፍ ግን «ላስተካክልልህ» ሲለኝ እምቢ አልኩ። ጫፉ ላይ የምትታየው ጠንካራ ነጥብ ከመጻፊያው ወርቅ ሌላ የሆነች የብረት ቅይጥ ናት፤ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈገፈገች የምትተካበት ዋጋ ከብዕሩ ሊበልጥ ይችላል።