አክሱም ላይ አስጎብኚው አንጀቴን አራሰው፣ ቢሮው ግን አሳዘነኝ

ከ11 ዓመት በኋላ አገር ቤት ገብቼ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። አምስቱን ቀን ያሳለፍኩት እናቴ ያደገችበት አክሱም ነው። ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሆቴሉ ደህና ነው። ንጹህ ነው፣ ውሃ የጠፋው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሠራተኞቹም ሰው አክባሪ ናቸው። ባጃጆቹ አያስቸግሩም።

አስጎብኚው ግን ሌላ ነው! ሐውልቶቹ በር ላይ ያገኘሁት ፈቃድ ያለው ወጣት ነው፤ የሸመደደውን አያወርድባችሁም። ከሮም የተመለሰው ሐውልት ሥር ቁጢጥ አስብሎ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን የውሸት በር አሳየኝ፣ ከዚያ ቀና ብዬ "የዝንጀሮ ራስ" የሚባሉትን የወራጅ ጫፎች ፎቅ በፎቅ አስቆጠረኝ። ሐውልቱ በፈረንጆቹ 1937 ተወስዶ፣ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ፣ በ2008 ነው የቆመው። ይህን ብዙዎቻችን እናውቃለን። እኔ ያላወቅኩት፣ ሐውልቱን ለመትከል መሬቱ በመሣሪያ ሲፈተሽ መኪና ማቆሚያው ሥር ሳይቀር ትልልቅ የመቃብር ክፍሎች መገኘታቸውን ነው። ስንቱ ሰው ለዓመታት መኪናውን እላያቸው ላይ አቁሟል። የንጉሥ ኢዛናን ባለ ሦስት ቋንቋ ጽሑፍስ ቢሆን ያገኙት ገበሬዎች አይደሉ? አክሱም ላይ ታሪክ ያለው በአጥር በተከለለው ቦታ ብቻ አይደለም፣ ሰው ቤት ሠርቶ በሚኖርበትም መሬት ሥር ነው።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። አጎቴ ለልጁ ሁለት ክፍል ሊሠራ ግቢው ውስጥ መሠረት ሲያስቆፍር፣ ወገብ ያህል እንደወረዱ የተጠረበ ድንጋይ ብቅ አለ። እኔ ስደርስ ጉድጓዱ በላስቲክ ተሸፍኗል፣ ላስቲኩን ነፋስ እንዳይወስደው ዙሪያውን ድንጋይ ተጭኖበታል። ገልጦ አሳየኝ። ወርጄ በእጄ ዳሰስኩት፤ ጠርዙ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፣ አንድ ጎኑ ወደ ጎረቤት አጥር ሥር ይገባል።

አጎቴ ያኔውኑ ሥራውን አስቁሞ ቅርስ ለሚመለከተው ቢሮ አሳውቋል። አምስት ወር ሆነው። አብሬው ሁለት ቀን ተመላለስኩ። መጀመሪያ "ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል" አሉን፣ በማግስቱ ደግሞ "ደብዳቤው መዝገብ ቤት ነው"። ማንም አልተቆጣንም፣ ወንበርም ሰጥተውናል፣ ግን መጥቶ የሚያይ የለም። አሸዋውና ብረቱ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ተቀምጧል፣ ልጁም አሁንም ተከራይቶ ነው የሚኖረው።

ሕጉ እኮ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ያሳውቅ፣ እስኪታይም ይጠብቅ ይላል። በስድስት ወር ውስጥ አስፈላጊው ካልተደረገ ግን ሰውየው በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ወር ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ያንን ድንጋይ የሚጠብቀው የአጎቴ ደግነት ብቻ ነው። አንድ ጎረቤቱ ምን ቢለው ጥሩ ነው፦ "ማን አሳውቅ አለህ? በሌሊት ሲሚንቶ ብታፈስበት እስካሁን ጣሪያ ላይ ነበርክ።" በጣም ከነከነኝ፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ቆፋሪ የሚሰማው ይህንን ምክር ነው።

ከተማው አይደግ የሚል ሰው አይደለሁም። ሰው ቤት ያስፈልገዋል። አንድ ባለሙያ ካሜራና ሜትር ይዞ በሳምንት ውስጥ ይምጣ፣ ይለካ፣ ያንሳ፣ ከዚያ "ሥራ" ወይም "እዚህ አትንካ፣ ወዲያ ፈቀቅ በል" ይበል። የግንባታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ቢደረግማ ደግሞ እንዴት በተሻለ!

ለአስጎብኚው ከአምስት አምስት፣ ለሆቴሉ አራት እሰጣለሁ። ለቢሮው አንድ፣ እሱም ለወንበሩ።

ትናንት አጎቴ ደውሎ ዝናብ ስለጀመረ ላስቲኩን መቀየሩን ነገረኝ። አርኪዮሎጂ ያጠናችሁ፣ ወይም እዚያ አካባቢ የምትሠሩ ባለሙያዎች ካላችሁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ፎቶውን እልክላችኋለሁ።