የሺማኖ 105 ፔዳል (አር7000) ግምገማ፦ ሲጮህ፣ ሲላላና እግር አልለቅ ሲል

ስለ ሺማኖ 105 የመንገድ ብስክሌት ፔዳል ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ክብደቱ ነው። ጥንዱ 265 ግራም ይመዝናል፤ አካሉ ካርቦን ከተቀላቀለበት ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን ጫማ ስር የሚታሰረው ክሊት የሚያርፍበት ገጽ ላይ የማይዝግ ብረት ለብሷል። እኛ እዚህ የምንመዝነው በሌላ ሚዛን ነው። ሲበላሽ ምልክቱ ምንድን ነው? ቤት ውስጥ በምን ይጠገናል? መቼስ መጣል አለበት? በዚህ ሚዛን 105 በዋጋው ክልል ውስጥ ካሉት ፔዳሎች ሁሉ ቀድመን የምንመክረው ነው። ዋናው ድክመቱ ክሊቱ ቶሎ መበላቱ ሲሆን፣ በፔዳሉ ላይ የሚሳበበው አብዛኛው ጥፋትም የሚመጣው ከዚያው ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ጫማው ስር በሦስት ቡሎን የሚታሰር የፕላስቲክ ክሊት አለ። አፍንጫው ከፔዳሉ ፊት ይገባና ሲረገጥ የኋላው መንጋጋ በሞላ ኃይል ይነክሰዋል። ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር ነው። ይህን ዓይነቱን ፔዳል ወደ ትልልቅ ውድድሮች ያስገባው የፈረንሳዩ ሉክ ነው፤ ቤርናር ኢኖ በ1985 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በሉክ ፔዳል ነበር። ዛሬ የሺማኖውም የሉክ ኬኦውም ክሊት ባለሦስት ቡሎን ነው፤ የጫማው ቀዳዳ ለሁለቱም ይሆናል፣ ክሊቱ ግን አንዱ በሌላው ፔዳል ላይ አይሠራም። ዕቃ ከውጭ አገር በሰው የምታስመጡ ይህን ልብ በሉ። አዲሱ 105 ከነቢጫ ክሊቱ ይመጣል፤ ያገለገለ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክሊት ነው የሚሸጠው።

አሁን ወደ ድምፁ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ፣ እግር ወደ ታች ሲገፋ ብቻ የሚሰማ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ ብዙ ሰው ኩሽኔታው አለቀ ብሎ አዲስ ፔዳል ይገዛል። ከመግዛት በፊት ምንጩን መለየት ያስፈልጋል። ከኮርቻ ተነስተው ቆመው ይርገጡ፤ ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ኮርቻው ወይም የኮርቻው ምሰሶ ነው። ካልጠፋ አንዱን እግር አውጥተው በሌላው ብቻ ይርገጡ፤ የትኛው ጎን እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ በዚያው ፔዳል ላይ የሌላ ሰው ጫማ፣ የተለየ ክሊት ያለው፣ ይሞክሩ። በሌላ ጫማ ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የክሊቱ ነው። በሁለቱም ጫማ ከቀጠለ ፔዳሉን ከክራንኩ (ፔዳሉን ከሚይዘው ክንድ) ፈትተው፣ የፐርኖውንም (የፔዳሉን ዘንግ) የክራንኩንም የሚጠመዘዝ ጥርስ በላምባና በጨርቅ አጽድተው፣ ግራሶ ቀብተው እንደገና ያጥብቁት። ደርቆ ወይም አሸዋ ይዞ የታሰረ ጥርስ ልክ እንደተሰበረ ኩሽኔታ ይጮሃል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ ካለ ነው የክራንክ ቡሎኖችና ክራንኩ የሚዞርበት የመሃሉ ኩሽኔታ ተራ የሚደርሰው። ቅደም ተከተሉን ያከበረ ሰው ብዙ ጊዜ ከግራሶ በስተቀር ምንም ሳይገዛ ይጨርሳል።

ክሊቱ ሲጮህ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ቡሎኑ ላልቷል፤ ክሊቱ ከብረቱ ገጽ ጋር ደርቆ ይፋጫል፤ ወይም ተበልቷል። ቡሎኖቹ በ4 ሚሊሜትር ብሩጎላ የሚጠብቁ ሲሆን ልካቸው ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው። ከማጥበቅ በፊት የቡሎኑ ጥርስ ላይ ጥቂት ግራሶ ይደረግ፤ ያለ ግራሶ የታሰረ ቡሎን አንድ ክረምት በውሃና በጭቃ ካለፈ በኋላ ጭንቅላቱ ተበልቶ ብሩጎላው ይዞርበታል። ደርቆ ለሚፋጭ ክሊት ደረቅ ቅባት በቀጭኑ መንፋት ይበቃል። ግራሶ ግን እዚያ ቦታ አይቀባም፤ አቧራ ሰብስቦ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ክሊቱንም ብረቱንም ይበላል።

የላላ የክሊት ቡሎን ከድምፁ ይልቅ አደጋው ይከፋል። ቡሎኑ ከላላ ተረከዝዎን ሲያዞሩ ክሊቱ ፔዳሉ ላይ እንደተነከሰ ይቀራል፤ የሚዞረው ጫማው ብቻ ነው፣ እግሩም አይወጣም። መንገድ ላይ ይህ ከገጠመዎ አይታገሉ። በነፃው እግር ተደግፈው ቁሙ፣ ጫማውን ፈትተው እግርዎን ያውጡ፣ ከዚያ ጫማውን በሁለት እጅ ይዘው እየጠመዘዙ ያስለቅቁ። እምቢ ካለ በ2.5 ሚሊሜትር ብሩጎላ የኋላውን ሞላ እስከ መጨረሻው ያላሉት። አዲስ ክሊት ከታሰረ በኋላ ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱ ቡሎኖቹን ደግመው ይፈትሹ፤ ፕላስቲኩ ቦታውን ሲይዝ መላላታቸው የተለመደ ነው።

የሞላው ጥብቀት የሚስተካከለው በዚሁ 2.5 ብሩጎላ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ እያንዳንዱ እርምጃም በእጅ ይሰማል። ፔዳሉ ላይ ጥብቀቱን የምታሳይ ምልክት አለች፣ ነገር ግን ሁለቱን እግሮች እኩል ለማድረግ አስተማማኙ መንገድ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አላልቶ እኩል እየቆጠሩ መመለስ ነው። ጀማሪ ሰው ከላላው ይጀምር። እግር ሳይታሰብ ሲወጣ ግን ሞላውን ለማጥበቅ አይቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ የተበላው የክሊቱ አፍንጫ ነው፤ ሞላው ሲጠብቅ ለጊዜው ይይዝና አቀበት ላይ ቆመው ሲገፉ እንደገና ይለቃል።

ክሊቱ በቀለም ይለያል። ቢጫው ኤስኤች11 እግር 6 ዲግሪ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል፣ ሰማያዊው ኤስኤች12 2 ዲግሪ፣ ቀዩ ኤስኤች10 ምንም። ጉልበቱን የሚወድ ሰው ከቢጫው አይውጣ፤ ቀዩ አቀማመጡ በትክክል ለተለካለት ተወዳዳሪ ነው። ቢጫው ላይ ሲቆሙ መሬት የሚነካው ባለቀለሙ ክፍል የመበላቱ ምልክትም ነው፤ እሱ አልቆ ጥቁሩ መሬት መንካት ሲጀምር የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። ኮብልስቶንና ጠጠር ላይ በጫማው መራመድ ክሊቱን ከማንኛውም ጉዞ በላይ ይጨርሰዋል። በመንገድ ዳር ለቡና የምትቆሙ የክሊቱን የጎማ ሽፋን ኪስ ውስጥ ያዙ። ክሊት ስትቀይሩ የአሮጌውን ዙሪያ በማይጠፋ እስክሪብቶ ጫማው ላይ ማስመር አትርሱ፤ በጥቂት ሚሊሜትር የተዛነፈ ክሊት ከቆየ ጉልበት ላይ ሕመም ሆኖ ይመጣል።

ጫማው ፔዳሉ ላይ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ መጀመሪያ አዲስ ክሊት ይግባ። በአዲስ ክሊትም ከተወዛወዘ የተበላው የፔዳሉ አካል ነው፤ እሱ ለብቻው ተሸጦ የሚተካ ዕቃ ስላልሆነ ፔዳሉ ይለወጣል። የብረቱ ገጽ ይህን ቀን እጅግ ያርቀዋል፤ 105ን ከርካሾቹ ሙሉ ፕላስቲክ ፔዳሎች አስበልጠን የምናየውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ኩሽኔታው። ክራንኩን በአንድ እጅ አጥብቀው ይዘው ፔዳሉን በሌላው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይነቅንቁት። ክራንኩ አብሮ ከተነቃነቀ ችግሩ የመሃሉ ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉ ብቻ «ቋ ቋ» ካለ የራሱ ነው። በጣት ሲያዞሩት አሸዋ እንደያዘ ከሻከረ ግራሶው አልቋል ወይም ውሃ ገብቶበታል። አዲስ ፔዳል ዝግ ብሎ ቢዞር ጤናማ ነው፤ ውስጡ ያለው የማሸጊያ ጎማና ግራሶው ይይዙታል። እንደ አሻንጉሊት ሳይቆም የሚሽከረከር አሮጌ ፔዳል ውስጡ ደርቋል ማለት ነው።

ፔዳሉን ከክራንክ መፍታት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የቀኙ ጥርስ የተለመደው ዓይነት ነው፤ የግራው የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱንም የሚገዛ አንድ ሕግ አለ፦ ቁልፉን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ አቁመው ወደ ኋላ ጎማ ከሳቡት ይፈታል፣ ወደ ፊት ጎማ ከገፉት ይጠብቃል። ከውጭ በ15 ቁልፍም ይሁን ከክራንኩ ጀርባ በ8 ብሩጎላ ይህ ሕግ አይለወጥም። 105 የሚፈታው በ8 ብሩጎላ ብቻ ስለሆነ እጀታው ረጅም የሆነውን ይምረጡ። ከመጀመርዎ በፊት ካቴናውን ከፊት ባለው ትልቁ ባለጥርስ ክብ ላይ ያድርጉት፤ ቁልፉ ድንገት ሲለቅ እጅ የሚያርፈው እዚያ ነው።

የግራው ጥርስ የተገለበጠበት ምክንያት አለው። ሲነዱ ከኩሽኔታው የሚመጣው ፍትጊያ ፐርኖውን ወደ መፍታት ነው የሚጎትተው። የእግሩ ጭነት ግን በቀዳዳው ዙሪያ እየዞረ ፐርኖውን በተቃራኒው፣ ወደ ማጥበቅ፣ ያንከባልለዋል፤ የሚያሸንፈውም ይህ ነው። ስለዚህ በልኩ የታሰረ ፔዳል አይፈታም። በየጊዜው ራሱን የሚፈታ ፔዳል ካለ ወይ ሲታሰር አልጠበቀም፣ ወይ ኩሽኔታው ተጣብቆ ፍትጊያው ከጭነቱ በልጧል። ሲታሰር ልኩ ከ35 እስከ 55 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች (የማጥበቅ ልክን የሚያሳይ ቁልፍ) ለሌለው በረጅም ብሩጎላ በአንድ እጅ ጠንከር አድርጎ መጫን ይበቃል፤ በእግር መርገጥ አያስፈልግም።

መጀመሪያውን ዙር ሁልጊዜ በጣት ያስገቡ። የክራንኩ አሉሚኒየም ከፐርኖው ብረት ይልሳል፤ ተጣሞ የገባ ፔዳል ክራንኩን ይበላዋል። ሁለትና ሦስት ዙር በጣት ካልሄደ አውጥተው ይጀምሩ። የመንገድ ብስክሌት ፔዳል ጥርስ 9/16 ኢንች ነው፤ ባለአንድ ቁራጭ ክራንክ ያላቸው አንዳንድ ብስክሌቶች 1/2 ኢንች ስለሆኑ 105 አይገባባቸውም። ጥርሱ የተበላ ክራንክ ቀዳዳው ሰፍቶ የብረት ቀለበት ሊገባለት ይችላል፤ ይህ ግን መሣሪያው ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። ካርቦን ክራንክ ከሆነ አይሞከር።

ዝጎ እምቢ ላለ ፔዳል ትዕግሥት ከጉልበት ይበልጣል። የዛገ ቡሎን መፍቻ ዘይት ከጀርባም ከፊትም ረጭተው ያሳድሩት፤ ክራንኩ ወደ ታች እንዳይሽከረከር በሌላው እጅ ይዘው ቁልፉ ላይ ቱቦ አስገብተው ያርዝሙት።

ውስጡን ማደስ የ105 ትልቁ ጥቅም ነው። ፐርኖው ከነኩሽኔታዎቹ እንደ አንድ ዕቃ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ኳሶች ወለል ላይ አይበተኑም። መጀመሪያ ፐርኖው ከፔዳሉ የሚወጣበትን አንገት ጭቃ ጠርገው የሚያስፈልገውን መፍቻ ይለዩ። አሮጌዎቹ ትውልዶች ዙሪያው ጥርስ ጥርስ የሆነ አንገት ስላላቸው ቲኤል-ፒዲ40 የሚባለውን የፕላስቲክ መፍቻ ይፈልጋሉ፤ ጠፍጣፋ ጎን ያለው በተራ ቁልፍ ይፈታል። እዚህ አቅጣጫው እንደገና ይገለበጣል፦ አሁን የተገላቢጦሽ ጥርስ ያለው የቀኙ ፔዳል ነው። ብዙ ጊዜ የፔዳሉን አንገት የሚሰብረው ይህን መርሳት ነው፤ ፕላስቲክ ስለሆነ በተሳሳተ አቅጣጫ ብዙ ኃይል አይችልም።

ፐርኖው ከወጣ በኋላ አሮጌውን ግራሶ በላምባ ሳይሆን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ላምባ ጎማው ስር ከቀረ አዲሱን ግራሶ ያቀጥነዋል። ልቅነት ካለ ጫፉ ላይ ያለውን ኮን (ኩሽኔታውን የሚያጠብቀውን ዳዶ) በ10፣ ማሰሪያ ዳዶውን በ7 ቁልፍ ይዘው ያስተካክሉ። ልኩ ፐርኖው በጣት በነፃነት እየዞረ ምንም ሳይነቃነቅ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ኮኑን ትንሽ ይዞ ስለሚሄድ ከማሰሪያው በኋላ እንደገና መፈተሽ ግድ ነው። ከዚያ ባዶው የፔዳል አካል ውስጥ ከታች እስከ ግማሽ ግራሶ ይሙሉና ፐርኖውን ቀስ ብለው ያስገቡ፤ እየገባ ሲሄድ ግራሶውን በኩሽኔታዎቹ መካከል ይገፋዋል፣ አሮጌው ጥቁር ግራሶም በአንገቱ በኩል ይወጣል። ንጹሑ እስኪወጣ አንድ ጊዜ መደጋገም ይጠቅማል። ኳሶቹ የሚሮጡበት መንገድ ላይ ጉድጓድ ከታየ ግራሶ አያድነውም፤ ፐርኖው ከነኩሽኔታው ይለወጣል። ዋጋውን ከአዲስ ጥንድ ጋር አወዳድረው ይወስኑ።

ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር የሺማኖ የበላይ ደረጃ የሆነው ኡልቴግራ አር8000 ጥንዱ 248 ግራም ነው፤ ለ17 ግራም ልዩነት የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ለክሊት ቢውል ይሻላል። ስፒድፕሌይ በተባለው ሌላ ኩባንያ የዱሮ ፔዳል ግራሶ በቀዳዳ ይወጋ ስለነበር እድሳቱ ከሁሉም ይቀል ነበር፤ ዋሁ በ2019 እ.ኤ.አ. ኩባንያውን ከገዛ በኋላ ያወጣቸው አዲሶቹ ግን የታሸጉ ናቸው።

ያገለገለ 105 የምትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ፔዳሉን አዙራችሁ ጫፉ ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ ፐርኖው ተጣሟል፤ ከአደጋ የወጣ ነው፣ አትግዙት። የማስተካከያው ብሩጎላ ቀዳዳ አለመበላቱን በ2.5 ቁልፍ ሞክሩ። የፐርኖውን ጥርስ የመጀመሪያ ሁለት መስመር በጥፍር ዳስሱ፤ ጫፋቸው ከተሸራረፈ የእናንተን ክራንክ ይዘው ይሄዳሉ።