የናርኒያ መጻሕፍት ከወራት ንባብ በኋላ፦ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አትስሙት

ናርኒያ ስለምትባል የተረት ዓለም የሚተርኩትን ሰባቱን የልጆች መጻሕፍት አንድ ላይ ከገዛናቸው ወራት አልፈዋል። ማታ ልጆቹ ሊተኙ ሲሉ አንድ ምዕራፍ አነብላቸዋለሁ። ከለመኑኝ ሁለት። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ለትንሿ እዚያው በዚያው በአማርኛ እየመለስኩ ነው። ሁሉንም ጨርሰናል ማለት ይቻላል፤ «ማለት ይቻላል» ያልኩበትን ምክንያት በኋላ እመጣበታለሁ። ስለ ታሪኩ ማማር ብዙ ተብሏል። እኔ የማወራው ከመጀመሪያው ማታ በፊት ስለሚነሳው ጥያቄ ነው። ከየትኛው ይጀመር?

ጥያቄው የሞኝ ይመስላል። መጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ከ1 እስከ 7 ቁጥር አለ አይደል? ችግሩ ራሱ ቁጥሩ ነው።

ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ መጻሕፍቱን ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950 እስከ 1956፣ በየዓመቱ አንድ እያለ ነው። መጀመሪያ «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» ወጣ። ከዚያ «ልዑል ካስፒያን»፣ «የዶውን ትሬደር ጉዞ»፣ «የብር ወንበሩ»፣ «ፈረሱና ልጁ»፣ «የአስማተኛው የእህት ልጅ»፣ በመጨረሻም «የመጨረሻው ውጊያ»። ከ1994 ወዲህ ግን የተለመደው ቁጥር አሰጣጥ ናርኒያ ውስጥ ያለውን ዘመን የተከተለ ነው። ስለዚህ ስድስተኛ የወጣው፣ የናርኒያን አፈጣጠር የሚተርከው መጽሐፍ፣ 1 ቁጥር ሆኖ ቁጭ ብሏል። «ፈረሱና ልጁ» ደግሞ 3ኛ ሆኗል።

ለዚህ ሁሌ የሚጠቀሰው ሉዊስ በ1957 የጻፈው ደብዳቤ ነው። አንድ አሜሪካዊ ልጅ ከእናቱ ጋር በዚሁ ጉዳይ ይከራከራል። እናት እንደ ኅትመቱ ይነበብ ትላለች፤ ልጅ እንደ ዘመኑ ይላል። ሉዊስ ለልጁ ፈረደለት። ግን እዚያው ደብዳቤ ላይ፣ የመጀመሪያውን ሲጽፍ ሌሎች ይከተላሉ ብሎ እንዳላሰበ፣ ምናልባትም ቅደም ተከተሉ ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ ጨምሮበታል። ይህችኛዋን ክፍል ብዙ ሰው ይዘላታል። ደራሲው ይቅር ይበለኝና እኔ ከእናትየዋ ጋር ነኝ።

ነገሩን ጮክ ብሎ በሚያነብ ሰው ዓይን እዩት። የቁም ሳጥኑ መጽሐፍ ምዕራፍ 1 ላይ ሉሲ ቁም ሳጥን ከፍታ ትገባለች። በካፖርቶቹ መሃል ስትሄድ እግሯ ሥር የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። በረዶ ነው። ጫካ መሃል የበራ የመንገድ መብራት አለ። ከወገቡ በታች ፍየል የሆነ ፍጡር ጃንጥላ ይዞ ይመጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ማታ! 1 ቁጥር የተባለውን ከከፈታችሁ ግን መጀመሪያ ለንደን ነው፤ ከዚያ ቀለበቶች፣ ከዚያ የሞተ ከተማ፣ ከዚያ ተመልሶ ለንደን። ናርኒያ የምትመጣው ምዕራፍ 8 ላይ ነው። መጽሐፉ 15 ምዕራፍ ብቻ ነው ያለው። ግማሹን እስክታጋምሱ «መቼ ነው እዛ የሚገቡት?» እየተባላችሁ ነው። ደግሞ አጀማመሩ ራሱ፣ በእኛ ዓለምና በናርኒያ መካከል ያለው መመላለስ እንዴት እንደጀመረ አሳያችኋለሁ ይላል። ናርኒያን ለማያውቅ ልጅ ይሄ ምኑም አይደለም።

አንበሳው አስላንም አለ። በቁም ሳጥኑ መጽሐፍ ስሙ መጀመሪያ ሲነሳ አራቱ ልጆች (ፒተር፣ ሱዛን፣ ኤድመንድና ሉሲ) ማን እንደሆነ አያውቁም፤ ተራኪውም ወደ አድማጩ ዞር ብሎ እናንተም አታውቁትም ይላል። ሉዊስ ይህን ገጽ የጻፈው አንበሳውን አይቶት ለማያውቅ አድማጭ ነው። በቁጥሩ የመጣ ልጅ ግን አንበሳው ዓለም ሲፈጥር አይቶ ጨርሷል።

የእህቴ ቤተሰብ በቁጥሩ ነው የሄደው። ልጆቿ ወደውታል፣ አልዋሽም። ጠንቋይዋ ከየት እንደመጣች ቀድመው ስላወቁ ናርኒያን በበረዶ የሸፈነችበት ክረምት አልገረማቸውም፤ ይህንን እንደ ጥቅም የሚያየው ሰው ይኖራል። የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት ግን ልጇ «ናርኒያ ናታ» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ አሉ። እኔ ይህችን «ናታ» አልገዛትም።

በተቃራኒው ስድስተኛ ላይ ስንደርስ የሆነውን ልንገራችሁ። ጠንቋይዋ ለንደን ውስጥ ከመብራት ምሰሶ የገነጠለችውን ብረት አስላን ላይ ትወረውራለች። ብረቱ ግንባሩን መትቶ ሣር ላይ ይወድቃል። እሱ ከነመፈጠሯም አላያት፤ እየዘመረ ያልፋል። መሬቱ አዲስ ስለሆነ የተተከለበት ሁሉ ይበቅላል፤ ብረቱም እዚያው ማደግ ይጀምራል። እዚህ ጋ ትንሿ ብርድ ልብሷን ገፍታ ተነሳች። «ቆይ ቆይ! ያ የሉሲ መብራት ነው!» ትልቁ ነቅቶበት ኖሮ ጥርሱን ብልጭ አደረገና ዝም አለ። ቀድመን አንብበነው ቢሆን ኖሮ ያ ገጽ የበቀለ ብረት ወሬ ብቻ ነበር። ቁም ሳጥኑ ከምን እንደተሠራም እዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ይነገራል፤ እሱን አላበላሽባችሁም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ። «ልዑል ካስፒያን» ለጆሮ ያስቸግራል። ከምዕራፍ 4 እስከ 7 አንድ ድንክዬ ወደኋላ ተመልሶ የሚተርከው ታሪክ ነው፤ ትንሽ ልጅ «አሁን እነሉሲ የት ናቸው?» ማለቷ አይቀርም። እኛ እነዚያን ምዕራፎች ሁለት ሁለት እያደረግን አለፍናቸው። «የዶውን ትሬደር ጉዞ» ደግሞ ለመኝታ ሰዓት የተጻፈ ነው የሚመስለው፤ መርከቧ ከደሴት ደሴት ስትሄድ ሁሉም ደሴት የራሱ ጉድ አለው። የእነሉሲ ዘመድ ዩስታስ ዘንዶ ሆኖ የነቃበትን ክፍል ደጋግሜ እንዳነብ ተገድጃለሁ። «የብር ወንበሩ» ላይ ልጆቹ ግዙፎቹ ቤት ውስጥ ተገልጦ የተቀመጠ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያገኛሉ። ሰው እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። ትልቁ በሳቅ ሞተ፤ ትንሿ መብራቱ እንዳይጠፋ አለች።

አምስተኛው ቦታ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ፈረሱና ልጁ» በዘመን አቆጣጠር የቁም ሳጥኑ መጽሐፍ መጨረሻ ምዕራፍ ውስጥ የሚያርፍ ታሪክ ነው፤ 3 ቁጥር የሰጡት ለዚህ ነው። ለአድማጭ ግን ሌላ ሒሳብ አለ። ፒተርና ሱዛን በካስፒያን መጨረሻ ወደ ናርኒያ እንደማይመለሱ ይነገራቸዋል። ኤድመንድና ሉሲ ከመርከቡ ጉዞ በኋላ ይሰናበታሉ። በ«የብር ወንበሩ» የሚቀሩት ዩስታስና የትምህርት ቤት ጓደኛው ጂል ናቸው፤ ልጆቹ በዚያን ጊዜ ሉሲን ናፍቀዋል። አምስተኛው ሲከፈት ሉሲና ኤድመንድ ዘውድ ጭነው፣ አድገው ይመጣሉ። ከዚህም በላይ «የብር ወንበሩ» ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ባለቅኔ ይህንኑ የፈረሱን ታሪክ ግብዣ ላይ ሲተርክ ይሰማል። እንደ ኅትመቱ ከሄዳችሁ ባለቅኔው ያወራው ታሪክ በሚቀጥለው መጽሐፍ ከነሙሉው ይደርሳችኋል።

የማልወደውንም ልናገር። ካሎርመን የምትባለው አገር ሰዎች ጠይሞች፣ ጥምጣም ጠምጣሚዎች፣ ባብዛኛው ጨካኞች ተደርገው ነው የተሳሉት። ሰሜነኞቹ ነጭና ቆንጆ ናቸው። በመጨረሻው መጽሐፍ ላይ ድንክዬዎቹ በቆዳ ቀለም የሚሳደቡበት ቦታ አለ። ስድቡን ስተረጉም ዘለልኩት። ሰዎቹ የተሳሉበትን መንገድ ግን አልዘለልኩም፤ ቆም ብለን «ይሄ ሰውዬ ለምን እንዲህ ጻፈ?» ተባባልን። አራቪስ ጎበዟ የካሎርመን ልጅ መሆኗን ልጆቹ ራሳቸው አነሱ። ለማንበብ የምታስቡ ወላጆች ቀድማችሁ በዓይናችሁ እለፉበት።

አሁን ወደዚያ «ማለት ይቻላል»። «የመጨረሻው ውጊያ» ለልጆች መጽሐፍ የሚሰጠውን የካርኔጊ ሜዳሊያ ያገኘ ነው። ግን ጨለማ ነው። ብዙ ሞት አለበት፣ የሱዛን ነገርም ትልቁን ልጅ አናደደው፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። ትልቁ ለብቻው አነበበው። ለትንሿ ገና ነው። ልጃችሁ ከደረሰ ግን ከስድስተኛው ወዲያው ቀጥሉ። የስድስተኛው ሁለት ልጆች፣ ዲጎሪና ፖሊ፣ እዚያ ተመልሰው ይታያሉ፤ በቁጥሩ የሄደ ቤተሰብ እነሱን ካገኘ አምስት መጽሐፍ አልፎታል፣ ማን እንደነበሩም ተረስቷል።

ስለ አነባበቡ አንድ ነገር ብቻ። የቁም ሳጥኑን መጽሐፍ ምዕራፍ 14 እና 15 በአንድ ማታ አንብቡ። 14 ላይ አስላን የድንጋዩ ገበታ ላይ ይገደላል። እዚያ ላይ መጽሐፉን ከድናችሁ «ደህና እደሩ» ካላችሁ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ቤት ውስጥ አይኖርም። ሰባቱ ተደምረው 110 ምዕራፍ ናቸው፤ በማታ አንድ ከሆነ አራት ወር አይሞላም።

ዕቃውን በተመለከተ፣ የያዛቸው ካርቶን ጠርዙ ቶሎ ተቀደደ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ጽሑፉም በደብዛዛ መብራት ዓይን ይፈትናል። የፖሊን ቤይንስ ሥዕሎች ግን ሰባቱም ውስጥ አሉ፤ ገጹን ወደ ልጆቹ ባዞርኩ ቁጥር ጸጥታ አገኛለሁ። ሰባቱን በአንድ ጥራዝ ያጠቃለለም ይሸጣል። ተኝቶ ለሚያነብ ክንድ ይሰብራል፣ ውስጡም የተደረደረው በዚያው በዘመን ቅደም ተከተል ነው። ነጠላ ነጠላውን ግዙ። ልጆቹ ይወዱት እንደሆን ካላወቃችሁ ደግሞ ስብስቡ ይቆይ፤ የቁም ሳጥኑ መጽሐፍ ብቻውን ታሪኩን ይጨርሳል።