«ዋንስ አፖን ኤ ታይም»፦ ጥፋቱ የአስማቱ ነው ወይስ የሰውየው?

ከ2011 እስከ 2018 በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን በ7 ምዕራፎች የቀረበውን «ዋንስ አፖን ኤ ታይም» የተሰኘ የተረት ዓለም ተከታታይ ድራማ እንደገና ስመለከት፣ ዓይኔ ሮበርት ካርላይል ከሚጫወተው ራምፕልስቲልትስኪን ላይ አልነቀል አለ። ሰውየው እግሩ የሚያነክስ ድኻ ፈታይ ነበር፤ ልጁን ቤይልፋየርን ከጦርነት ለማዳን ሲል የቀድሞውን የጨለማ አስማት ባለቤት ኃይሉ በታሰረበት ጩቤ ገድሎ ያንን ጨለማ ወረሰ። እስከዚህ ድረስ የማይራራለት ተመልካች ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን በመጀመሪያው ምዕራፍ ያለች አንዲት ትዕይንት ርኅራኄዬን ትፈትነዋለች። መሬት ላይ አረንጓዴ አዙሪት ተከፍቷል፤ አስማት ወደሌለበት ዓለም አብረው እንዲሄዱ የሚለምነው ልጅ ወደ ውስጥ እየተሳበ ነው፤ አባት በአንድ እጁ መሬት ላይ የሰካውን ጩቤ፣ በሌላው የልጁን እጅ ይዟል። የለቀቀው የልጁን እጅ ነው። በዚያች ቅጽበት ያዘዘው የጥንቱ ፍርሃቱ ስለሆነ፣ ጥፋቱን ለጨለማው ማሸከም አይገባም ባይ ነኝ። ከዚያ በኋላ ልጁን ለማግኘት ሲል የአንድ አገር ሕዝብ ማንነቱን የሚረሳበትን እርግማን አዘጋጅቶ ለክፉዋ ንግሥት መስጠቱ ደግሞ፣ ምንም እንኳ የአባት ናፍቆት ቢሆን፣ ዕዳውን ያበዛዋል እንጂ አይሰርዘውም።

የሚያሳዝነኝ፣ በኋለኞቹ ምዕራፎች ለሚወዳት ሴት ለቤል ቃል እየገባና እያፈረሰ ደጋግሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ጸጸቱ ክብደቱን ማጣቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ምዕራፎች ግን ያለማመንታት እመክራለሁ።