ቲቲ-02ን ማሻሻል፦ ከሞተሩ በፊት ኩሽኔታው

ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ቲቲ-02፣ በሪሞት የሚነዱ የውድድር መኪኖችን ለሚጀምር ሰው ከሚቀርቡት ሻንሲዎች መካከል ለወጣበት ገንዘብ የሚመጥን ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መጠኑ ከእውነተኛው መኪና 1 ለ 10 ሲሆን፣ የሞተሩ ኃይል በሻንሲው መሐል በሚያልፍ ዘንግ አማካይነት ለአራቱም ጎማዎች ይደርሳል። እዚህ የምገመግመው ግን ከሳጥኑ እንደወጣ ያለውን መኪና ሳይሆን፣ ኤሌክትሮኒክሱና የሻንሲው ክፍሎች ደረጃ በደረጃ ተቀይረውለት በባሕር ዳር አስፋልት ላይ የምነዳውን ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ መኪናውን ማሻሻል የፈለገ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው ጉልበተኛ ሞተር ነው፤ መጨረሻ ላይ መገዛት ያለበትም እሱው ነው።

በብዙዎቹ የቲቲ-02 ኪቶች (ገዢው ራሱ በሚገጣጥማቸው የክፍሎች ስብስቦች) ውስጥ ዘንጎቹና ጎማዎቹ የሚዞሩት በፕላስቲክ ቀለበት ላይ ነው። በተጠረገ የቤት ውስጥ መሮጫ ላይ ይህ ቀለበት ረዘም ላለ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። በጎጃም ከተሞች ግን በተለይ ከጥር እስከ ሚያዝያ አስፋልቱ ሁሉ ደቃቅ አፈር ይለብሳል፤ አፈሩ በዘንጉና በቀለበቱ መካከል እየገባ ፕላስቲኩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ለብረት ኩሽኔታ መሆን አለበት። አብዛኞቹ ቦታዎች የሚቀበሉት የውስጥ ስፋቱ 5፣ የውጭ ስፋቱ 11፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነውን ነው። ሲገዛ ጎንና ጎኑ በጎማ የተከደነው ቢመረጥ ይሻላል፤ በቆርቆሮ ብቻ የተሸፈነው አቧራ ያስገባል። ለውጡ መኪናው ገና ሳይነሳ ይታያል፦ ጎማውን በጣት መታ ሲያደርጉት ቀድሞ ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞላ ይቆም የነበረው፣ አሁን ድምፅ ሳያሰማ ለረጅም ጊዜ ይዞራል። ሞተሩም ባትሪውም አልተነኩም፤ መኪናው ግን ፈጥኗል፣ አንድ ባትሪም የበለጠ ያስኬዳል።

ከኩሽኔታው ቀጥሎ መንገድ አያያዙን ከሁሉ በላይ የለወጠው የዘይት አሞርዛተር ነው። በመሠረታዊው ኪት የሚመጣው አሞርዛተር ዘይት የለውም፤ ሞላው ሲታመቅና ሲለቀቅ የሚገታው የፕላስቲኩ ፍትጊያ ብቻ ስለሆነ፣ አስፋልቱ ትንሽ ጎርበጥ ባለበት ሁሉ መኪናው ይነጥራል፣ ጎማው በአየር ላይ በሚሆንበት ቅጽበትም መሪው አይታዘዝም። የዘይቱን አሞርዛተር መገጣጠም ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘይቱን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ፒስተኑን ቀስ እያሉ ወደ ላይና ወደ ታች በማንቀሳቀስ የታፈነው አየር አረፋ ሆኖ እስኪወጣ መጠበቅ፣ ከዚያም ክዳኑን መዝጋት ነው። አየር ውስጡ ከቀረ ፒስተኑ ሲገፋ ይንቦጫቦጫል፤ አራቱም እኩል ካልሆኑ ደግሞ መኪናው በአንድ ወገን ያዘነብላል። በዚህ ሥራ ላይ የሚጠፋው ጊዜ በሙሉ መታጠፊያ ላይ ይመለሳል።

የኮብልስቶን መንገድ ግን በምንም አሞርዛተር አይነዳም። ሻንሲው ከመሬት ከፍ የሚለው በጥቂት ሚሊሜትሮች ስለሆነ ሆዱ ድንጋዩን ይመታል። ሰፊ የአስፋልት ግቢ ማግኘትና ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ መንዳት ብቸኛው አማራጭ ነው።

በመሪው በኩል ሰርቮውን (መሪውን የሚያዞረውን ትንሽ ሞተር) ከግጭት የሚጠብቀውን፣ ከኪቱ ጋር የመጣውን ክፍል አውጥቶ ታሚያ ራሱ በሚሸጠው ጠንካራ ዓይነት መተካት ይበቃል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የመሪውን ልል መሆን ግን በእጅጉ ይቀንሳል። ዲፈረንሺያሉን (የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገውን የጥርስ ሳጥን) ወፈር ባለ ግሪስ መሙላትም እንዲሁ በርካሽ የሚገኝ ጥቅም ነው፤ በመታጠፊያ ላይ ክብደት የቀነሰበት፣ በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል ያለው ጎማ ኃይሉን ሁሉ ወስዶ በከንቱ እንዳይሽከረከር ያደርጋል።

ሞተሩን ለመቀየር ጊዜው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። የመረጥኩት ሆቢዊንግ ኩይክራን 10ቢኤል60 የተባለውን ባለ60 አምፔር የፍጥነት መቆጣጠሪያ ከባለሴንሰር 13.5 ዙር (የሽቦው ጥምጥም ብዛት ነው) ብረሽለስ ሞተር ጋር ነው። ብረሽለስ ሞተር የሚያልቅ ካርቦን የለውም፤ በአቧራ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ሴንሰሩ ደግሞ ሮተሩ (የሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል) የት እንዳለ ለመቆጣጠሪያው ስለሚነግረው፣ መኪናው ሲነሳ ሳይንገጫገጭ እንደ ጣት ጭነቱ መጠን ይነሳል። በጠባብ መታጠፊያ ጋዙን በጥቂቱ መስጠት የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ መሣሪያ በጣም ረክቻለሁ።

ኃይሉ ሲጨምር ግን ሻንሲው ላይ ሁለት ነገሮች አብረው መቀየር አለባቸው። አንደኛው በመሐል የሚያልፈው የፕላስቲክ ዘንግ ነው፤ በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ስለሚርገበገብ በአሉሚኒየም መተካቱ ተገቢ ነው። ሁለተኛው የሞተሩ መያዣ ነው። ፕላስቲኩ መያዣ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ አሉሚኒየሙ ግን ከሞተሩ ተቀብሎ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ከእነዚህ ሁለቱ በስተቀር በየሱቁ የሚታየው ሰማያዊ የአሉሚኒየም ጌጥ ለአሸናፊነት የሚጨምረው ነገር የለም፤ እንዲያውም ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ክንዶች አሉሚኒየም ሲሆኑ በግጭት ጊዜ ርካሹ ፕላስቲክ ሊሰበርበት የሚገባው ኃይል ወደ ዋናው ሻንሲ ይተላለፋል።

ስለ ሙቀት ትንሽ ልቆይ፤ እኛ ያለንበት ከፍታ ጉዳዩን ልዩ ያደርገዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የነዳጅ ሞተር በእንዲህ ያለ ከፍታ አየር አጥሮት ጉልበቱ ሲቀንስ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ምንም አይቀንስም። ነገር ግን አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአምስት አንድ እጅ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩን የማቀዝቀዝ ዐቅሙም ያንሳል። በሌላ አገር የተጻፈ የጥርስ ምጣኔ ምክር እንዳለ መወሰድ የሌለበት ለዚህ ነው። ከኪቱ የሚመጣው ባለ22 ጥርስ ትንሹ ማርሽ ከባለ70ው ትልቅ ማርሽና ከሻንሲው የውስጥ ማርሾች ጋር ሆኖ በጠቅላላው 8.27 ለ 1 ይሰጣል፣ ማለትም ሞተሩ 8.27 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል፤ ከዚህ ፈጣን ወደሆነ ምጣኔ ከመሄድ በፊት ትንሽ ነድቶ የሞተሩን ሙቀት በቴርሞሜትር መለካትና 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ማቆም ያስፈልጋል። ማራገቢያ መግጠምና በቅርፊቱ (ሻንሲውን በሚሸፍነው የመኪናው አካል) የኋላ መስታወት በኩል የአየር መውጫ መቁረጥ በእኛ ከፍታ የግድ ነው እላለሁ።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ባለሁለት ሴል ሊፖ (የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሙሉ ሲሆን 8.4 ቮልት ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ግን ይበላሻል። ስለዚህ ኃይል የሚቆርጥበትን መጠን በመቆጣጠሪያው ላይ በሴል 3.2 ቮልት አድርጎ ማስተካከል፣ ይህን ማድረግ በማይችል መቆጣጠሪያ ደግሞ ሊፖን ጨርሶ አለመጠቀም ነው። ለጥቂት ቀናት የማይነዳ ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ገደማ ላይ ይቀመጥ። ዕቃውን ከውጭ በሰው ለሚያስመጣ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ባለ5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ በአውሮፕላን ከተፈቀደው የ100 ዋት ሰዓት ጣሪያ በታች ነው፤ ሆኖም ጫፎቹ ተሸፍነው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትምና፣ ለሚያመጣው ሰው ይህን ከመነሳቱ በፊት መንገር ያስፈልጋል።